የብስክሌት ጉዟችሁን በደብተር ያዙ

በራዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር፤ ዳበል፣ ሞያሌ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ወባ ወይም ስለ ክትባት አይደለም የምናወራው። ስለ ብስክሌትና ስለ ደብተር ነው። "ብስክሌትን ከጤና ጋር ምን አገናኘው? ደብተርስ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥቂት ታገሡኝና አብረን እንየው። በራዲዮ ያልሰማችሁ በዚህ ወረቀት ታነቡታላችሁ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እባካችሁ አንብቡላቸው።

እንደምታውቁት በእኛ አካባቢ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ውኃ ይጫንበታል፣ ማገዶ ይጫንበታል፣ ዱቄት ይጫንበታል፣ አንዳንድ ጊዜም በሽተኛ ይጫንበታል። "ቦዳ ቦዳ" የሚለው ስም እንኳ ዛሬ ለሞተር ብስክሌት ቢሰጥም መጀመሪያ የብስክሌት ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ሰውን ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ኬላ የሚያመላልሱ ባለ ብስክሌቶች ነበሩ። ስሙም ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከ"ቦርደር" የመጣ ነው። እኛም የድንበር ሰዎች ነንና ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንጀራ የሚጋገርበት ገንዘብ ከዚህ ብስክሌት የሚወጣ ቤት ብዙ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። በብስክሌት በሄዳችሁ ቁጥር በደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ይህ አንድ መስመር ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ባየሁት ልጀምር።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ አባት ሊታከሙ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። በብስክሌት ውኃ እያመላለሱ ነበር ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት። ፊታቸው ገርጥቷል፣ በእጃቸው ደረታቸውን ይዘዋል።

"ጋሼ፣ መቼ ጀመረዎት?" አልኳቸው።

"ትናንት ማታ ነው ልጄ። ብርድ መትቶኝ ነው። ኪኒን ስጪኝና ልሂድ፤ ሰው ውኃ ይጠብቃል" አሉኝ።

ከሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ ደብተር ብቅ ብላ አየሁ። ምን እንደሆነች ስጠይቃቸው የዱቤ ደብተር ናት አሉኝ። በየቀኑ ስንት ጀሪካን እንዳመጡ፣ የትኛው ቤት እንደወሰደ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት ተጽፎባታል። አስፈቅጄ ገለጥኳት። ከወር በፊት በቀን 5 ምልልስ ይሠሩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት 4 ሆነ። ቀጥሎ 3። ያለፈው ሳምንት ሁሉም ቀን 2፣ 2፣ 2 ይላል።

"ጋሼ፣ ገበያ ቀንሶ ነው?" አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "ገበያውስ አለ። ዳገቷ ላይ መቆም አበዛሁ። ደረቴን ይይዘኛል፤ ትንሽ ስቆም ይለቀኛል" አሉኝ።

አድማጮቼ፣ ይህ የትናንት ማታ ሕመም አይደለም። የሦስት ሳምንት ሕመም ነው። ሲደክሙ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ የደረት ሕመም ለልብ ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች መጥበባቸውን የሚያሳይ ምልክት ሊሆን ይችላል። ትናንት ማታ ግን ሕመሙ የመጣው ቁጭ ብለው ሳለ ነው። በሥራ ላይ ይመጣ የነበረው ሕመም በዕረፍት ጊዜም መምጣት ሲጀምር አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ኪኒን ሰጥተን አልሸኘናቸውም። በዚያው ቀን በመኪና ወደ ሆስፒታል ተላኩ።

ዛሬ በሕይወት አሉ። መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። ጀሪካን ግን አይጭኑም፤ ልጃቸው ነው የሚያመላልሰው። ይህ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። አሁንም ባገኙኝ ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ ከሥራዬ አፈናቀልሽኝ" ይሉኛል። ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእኚህ ሰው ሰውነት ሦስት ሳምንት ሙሉ ነግሯቸዋል። ደብተሩም መዝግቦታል። ለገንዘብ እንጂ ለጤና ብሎ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። እሳቸውም የዋሹኝ አይምሰላችሁ። ሕመም ቀስ እያለ ሲመጣ ሰው ይለምደዋል። "ትናንትም እንዲሁ ነበርኩ" ይላል። አባቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

የራሴንም ስህተት ልንገራችሁ። ነርስነት ተምሬ ዲፕሎማ ይዤ፣ ውኃ ጠጡ እያልኩ ሰው እየመከርኩ፣ እኔ ራሴ ለቤት ለቤት ጉብኝት በብስክሌት ስወጣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዞሮብኝ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ክፉ ነገር አልደረሰብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዞዬን መጻፍ ያዝኩ። ከወር በኋላ ገልጬ ሳየው፣ "ራሴን አመመኝ" ብዬ የጻፍኩባቸው ቀኖች ሁሉ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ የወጣሁባቸውና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ውኃ ብቻ የያዝኩባቸው ሆነው አገኘኋቸው። ሥራው አልነበረም የሚያመኝ፤ ሰዓቱና የውኃው ማነስ ነበር። አሁን በማለዳ እወጣለሁ፣ ሁለት ጠርሙስ እይዛለሁ። ራስ ምታቱም ቀርቷል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። ውድ ነገር አያስፈልግም። የልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ። በመስመሩ ላይ ስድስት ነገር ይኑር።

አንደኛ፣ ቀኑ። ሁለተኛ፣ ከየት ወዴት እንደሄዳችሁ። ሦስተኛ፣ የወጣችሁበትና የደረሳችሁበት ሰዓት። አራተኛ፣ የጫናችሁት ነገር። አምስተኛ፣ የጠጣችሁት ውኃ። ስድስተኛ፣ ሰውነታችሁ የተሰማው ነገር።

ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦ "ማክሰኞ። ከውኃው ቦታ እስከ ቤት። ከ1:00 እስከ 1:40። 2 ጀሪካን። ውኃ 2 ኩባያ። ዳገቱ ላይ 1 ጊዜ ቆምኩ፣ ደህና ነኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከማለዳ ጀምረው ስለሚቆጥሩ የእኛ አንድ ሰዓት የእነሱም አንድ ሰዓት ነው። በክሊኒክ ካርድ ላይ ግን ቀኑም ሰዓቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። በየትኛውም መጻፍ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አንዱን መርጣችሁ እሱን ብቻ ያዙ። የተቀላቀለ ደብተር ሐኪሙንም እናንተንም ያሳስታል።

ድካማችሁን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በምትነዱበት ጊዜ ለመናገር ሞክሩ። ማውራትም መዝፈንም ከቻላችሁ ጉዞው ቀላል ነው፤ 1 ብላችሁ ጻፉ። ማውራት ችላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛ ነው፤ 2 ጻፉ። ትንፋሽ ሳትወስዱ ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካልቻላችሁ ከባድ ነው፤ 3 ጻፉ።

መጻፍ የማትችሉስ? ምንም ችግር የለም። ለእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ጭረት፣ መንገድ ላይ ለቆማችሁበት ጊዜ ሁሉ አንድ ክብ አድርጉ። ወይም ማታ ላይ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። ልጁ ጽሕፈት ይለማመዳል፣ እናንተም በዚያው የቀኑን ውሎ ታወጋላችሁ።

ጽፎ ማስቀመጥ ብቻውን አይጠቅምም። የጋሼ ደብተር ምስክር ነው። ስለሆነም በሳምንት አንድ ቀን ማታ ደብተሩን ገልጣችሁ ራሳችሁን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛው፣ ያው መንገድ በያው ጭነት ካለፈው ሳምንት የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ ወይ? 40 ደቂቃ የነበረው 55 ከሆነ ምክንያት አለው። መጀመሪያ ብስክሌቱን ፈትሹ። ጎማው ነፍሶ ይሆናል፣ ካቴናው ደርቆ ይሆናል፣ ፍሬኑ ጎማውን ይዞት ይሆናል። ብስክሌቱ ደህና ከሆነ ግን ምክንያቱ እናንተ ዘንድ ነው። የደም ማነስ፣ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ሕመም፣ ወይም የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና ጉልበትም ከቀነሰ የአክታ ምርመራ አድርጉ፤ የሳንባ ነቀርሳ በጊዜ ከተገኘ ይድናል።

ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ መቆሜ በዝቷል ወይ? ሦስተኛው፣ "አመመኝ" ያልኩባቸው ቀኖች በምን ይመሳሰላሉ? በሰዓት? በጭነት? በውኃ? ቁርስ ሳልበላ በመውጣት? መልሱን ብዙ ጊዜ ከደብተሩ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

አሁን ደግሞ ደብተር የማይጠብቁ ምልክቶችን ልንገራችሁ። ደረት መጨምደድ ወይም መክበድ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ መውጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት። ከእነዚህ አንዱ ከታየባችሁ ወዲያውኑ ከብስክሌቱ ውረዱ፣ ጥላ ቦታ ተቀመጡ፣ ሰው ጥሩ። "እስከ ጤና ጣቢያ እየነዳሁ ልድረስ" እንዳትሉ። ሌላ ሰው ያድርሳችሁ።

ሙቀቱንም እንዳንረሳ። አገራችን ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሽንታችሁ ጠቆር ካለና ካነሰ፣ አፋችሁ ከደረቀ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ውኃ አንሷችኋል። ጥላ ፈልጋችሁ አረፍ በሉ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ጠጡ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስ. ያስፈልገዋል። የታሸገው ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልኩን ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ከበዛ ይጎዳል። በሙቀት ውስጥ የነበረ ሰው ከቃዠ፣ ከተንገዳገደ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ አትጠብቁ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በውኃ አርጥቡት፣ አራግቡለት፣ እርዳታ ጥሩ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁና መርፌ ወይም ኪኒን የምትወስዱ፣ እናንተ በተለይ ስሙኝ። ብስክሌት መንዳት ስኳር ያወርዳል። ይህ ጥሩ ነው፤ ከመጠን በላይ ከወረደ ግን አደገኛ ነው። ሳትበሉ አትውጡ። በኪሳችሁ ስኳር ወይም ከረሜላ ይኑር። እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባችሁ፣ በድንገት ከራባችሁ ወይም ሐሳብ ከተዘበራረቀባችሁ ቁሙና ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከዚያ ሰዓቱንና ያን ቀን የበላችሁትን ጻፉ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሲያስተካክል ከዚህ መስመር የበለጠ የሚጠቅመው ነገር የለም።

እስካሁን የተናገርኩት ከመጠን በላይ ለሚለፉት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን የምንውልም አለን። ሥራ የለም፣ ሐሳብ ብዙ ነው፣ ሰው ከቤቱ አይወጣም። ደም ግፊትና ስኳርም በዚህ መካከል ያድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች አጥንተው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሹፌሮች ይልቅ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በመካከለኛ ደረጃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ይህ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን እንደ ማለት ነው። ብስክሌት የሌለው በእግሩ ይሂድ፤ ደብተሩ ያው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደቂቃዎቹን ደምሩና 150 መሙላታቸውን እዩ።

ለሚሰለቻችሁ አንድ ጨዋታ ልስጣችሁ። አርተር ኤዲንግተን የሚባሉ እ.ኤ.አ. በ1944 ያረፉ እንግሊዛዊ የከዋክብት ተመራማሪ ነበሩ። እኚህ ትልቅ ሊቅ የብስክሌት ጉዟቸውን እየመዘገቡ አንድ ቁጥር ያወጡ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በ10 የተለያዩ ቀኖች በእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ቁጥራችሁ 10 ነው። ወደ 11 ለማደግ ቢያንስ 11 ኪሎ ሜትር የሄዳችሁባቸው 11 ቀኖች ያስፈልጋሉ። እሳቸው በማይል ቆጥረው 84 ደርሰው ነበር። በጨዋታው የምወደው ነገር አለ። አንድ ቀን ሞቶ እስኪወድቁ መንዳት ቁጥሩን አያሳድገውም። ቁጥሩን የሚያሳድገው መደጋገም ነው። ጤናም እንደዚሁ ነው።

ብስክሌት ለእኛ ሰዎች አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ደግሞ ኢየሩ ገብሩ የተባለች ከትግራይ የወጣች፣ በፈረንሳይ ጥገኝነት ያገኘች ብስክሌተኛ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። እንደ እኛው ስደተኛ ናት። ለውድድር የሚዘጋጁ ብስክሌተኞች የየቀኑን ልምምድ መመዝገባቸው የተለመደ ነው፤ ሲደክማቸው የት ላይ እንደደከማቸው የሚያውቁት በዚያ ነው። እኛ ለሜዳልያ ባንሮጥም ጀሪካን የሚጭን ሰው ልብ ከእነሱ ልብ ያነሰ አይሠራም።

ስለ ልጆች ሳልናገር አልዘጋም። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እግሩ ከጎማው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ተረከዙ ሊቆረጥ ይችላል። ሽቦውን በጨርቅ ወይም በካርቶን ሸፍኑ፣ ለእግሩም መርገጫ አብጁ። ከቆሰለ ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃ እጠቡ፤ ቡናም አመድም አትነስንሱበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ጠይቁ። ወድቆ ራሱን የተመታ ሰው ካስታወከ፣ እንቅልፍ ከጫነው ወይም ከጆሮው ከአፍንጫው ፈሳሽ ከወጣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይሂድ። የወደቃችሁበትንም ቀንና ቦታ ጻፉ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰው ከወደቀ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ድንጋዩን አንስተን ጉድጓዱን እንደፍናለን።

"ደብተሬን ማን ያየዋል?" ብላችሁ የምትፈሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በስደት ያለ ሰው ወረቀት መፍራቱ አይፈረድበትም። ደብተሩ የእናንተ ነው። የሰው ስም፣ የስደተኛ ቁጥር፣ የማንንም ጉዳይ አትጻፉበት። መንገዱን "ዳገቱ"፣ "ውኃው"፣ "ገበያው" ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል። ለሐኪም የምታሳዩትም እናንተ ስትፈልጉ ብቻ ነው።

"ሕመሜን ባውቀውስ፣ ሥራውን ከተውኩ ማን ያበላኛል?" የምትሉም አላችሁ። ይህን ጥያቄ ጋሼም ጠይቀውኛል፤ ቀላል መልስ የለኝም። ነገር ግን በጊዜ ያወቀ ሰው ምርጫ አለው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አራቱ 80 ኪሎ፣ የአንድ ሰው ክብደት ማለት ነው። በአራት ፈንታ ሁለት ጭኖ፣ በማለዳ ወጥቶ፣ ዳገቱን ወርዶ እየገፋ መሥራት ይቻላል። ዘግይቶ ያወቀ ሰው ግን ይህም ምርጫ አይኖረውም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተር ፈልጉና የመጀመሪያዋን መስመር ጻፉ። ለቀጠሮ ስትመጡም ከካርዳችሁ ጋር ይዛችሁት ኑ። "መቼ ጀመረዎት?" ብዬ ስጠይቃችሁ "ትናንት ማታ" አትበሉኝ፤ ደብተሩን ግለጡልኝ።

ለዛሬ ያዘጋጀሁት በዚሁ አበቃ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ መንገዳችሁ ይቅና። ጤና ይስጥልኝ።